ካሜራው ከሄደ በኋላ የሚጀምረው አደጋ

የመሬት መንቀጥቀጡ ካለፈ ሦስት ወር ሆኖታል። ሰውየው ግን አሁንም ጫማውን እንዳደረገ ነው የሚተኛው። ስልኩ ቻርጅ ተሞልቶ ትራሱ ሥር ነው። በሩን አይቆልፍም። ሌሊት ብድግ ብሎ ይቀመጥና ጠረጴዛ ላይ ያኖረውን የውሃ ብርጭቆ በስልኩ መብራት ያያል። ውሃው ረግቷል። ምንም የተነቃነቀ ነገር የለም። እሱ ግን አልጋው ሲወዛወዝ በደንብ ተሰምቶታል። ብርጭቆውን እዚያ ያስቀመጠውም ለዚሁ ነው። ከገዛ ገላው ይልቅ ውሃውን ማመን ከጀመረ ቆይቷል።

እንዲህ ያለ ሰው ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰበት አገር ሁሉ አለ። ጃፓኖች ስም አውጥተውለታል። "ጂሺን ዮይ" ይሉታል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ስካር እንደማለት ነው። መሬቱ ቆሟል፣ ሰውነት ግን መወዛወዙን አላቆመም። የደረሰበት ሰው ብዙ ጊዜ ለማንም አይናገርም። ያበደ ይመስለዋል።

አላበደም። "እባብ ያየ በልጥ በረየ" የሚባለው እኮ ለዚህ ነው። አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የምትባል የለውዝ ፍሬ የምታህል ክፍል አለች። ሥራዋ አደጋን ማሽተት ነው። አንዴ ሞት አጠገቧ ሲያልፍ ያየች አሚግዳላ ለብዙ ጊዜ ማጣራት አትወድም። የሚመስለውን ሁሉ እንደ አደጋ ትቆጥራለች። ጎርፍ ቤቱን የወሰደበት ሰው ጣሪያው ላይ ዝናብ ሲወርድ ልቡ ይደልቃል። ከሰደድ እሳት ያመለጠች እናት የተቃጠለ ነገር ሲሸታት ልጆቿን መቁጠር ትጀምራለች። ከባድ መኪና ሲያልፍ፣ በር በንፋስ ሲዘጋ፣ ሊፍት ሲንቀጠቀጥ ሰውነት ከሐሳብ ቀድሞ ይሮጣል።

በዚህ ጽሑፍ ማንሳት የፈለግኩት ግን ከዚህ ትንሽ ራቅ ያለ ነገር ነው። ከተፈጥሮ አደጋ ስለተረፉ ሰዎች አእምሮ ስናወራ ዓይናችን የሚያርፈው አደጋው በደረሰባት ደቂቃ ላይ ነው። ስለ ነውጡ፣ ስለ ማዕበሉ፣ ስለ ፍርስራሹ እናወራለን። ለአሥርት ዓመታት የተሰበሰበው ማስረጃ ግን ደጋግሞ ወደ ሌላ ቦታ ይጠቁማል። ሰው መልሶ መቆም አለመቆሙን በብዙው የሚወስነው ከዚያች ደቂቃ በኋላ ያለው ኑሮ ነው። የት ተኛ? ከማን ጋር ተኛ? ስንት ቢሮ ተመላለሰ? ማን ጠየቀው?

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ከአደጋ ማግሥት የሚታየው ነገር ያስፈራል። እንቅልፍ ይጠፋል። ቅዠት ይመጣል። ሰው በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። የጠየቁትን አይሰማም፣ የያዘውን ዕቃ ይፈልጋል። አንዳንዱ ደግሞ ምንም አይሰማውም። እንባ እንኳ እምቢ ይለዋል። "እናቴ ሞታ እንዴት አላለቀስኩም?" ብሎ ራሱን የሚወቅስ አለ። እንባው ቀርቶበት ሳይሆን ድንጋጤው ገና ስላለቀቀው ነው።

ይህ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሽታ አይባልም። ፒቲኤስዲ በሚል ምኅጻር የምናውቀው፣ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣው የጭንቀት ሕመም፣ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በዛሬው መመሪያ ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ካልቆዩ ስሙ አይሰጥም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ብዙው ሰው ልዩ ሕክምና ሳያገኝ ቀስ በቀስ ወደ ራሱ ይመለሳል። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆርጅ ቦናኖ ለዓመታት ሲያሳይ የኖረው ይህንኑ ነው። ከከባድ መከራ በኋላ በብዛት የሚታየው መንገድ መሰበር ሳይሆን መቋቋም ነው።

ይህ ደስ የሚል ዜና ነው። ግን በጥንቃቄ መያዝ አለበት። "ብዙው ሰው ይድናል" የሚለው ዓረፍተ ነገር በቀላሉ "እንግዲህ ቻለው" ወደሚል ይዞራል። ያልቻለው ሰው ደግሞ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥፋተኝነቱ ነው። ከፍርስራሽ የወጣ ሰው በቀን አሥር ጊዜ "እንኳን ተረፍክ" ይባላል። ቃሉ ከልብ ነው፣ ክፋት የለበትም። ወንድሙ አጠገቡ የሞተበት ሰው ግን ሌላ ነገር ነው የሚሰማው። "ለምን እኔ?" ይላል። እጁን ይዞት ነበር፣ ለቀቀው። በግራ በኩል ሮጠ፣ ወንድሙ በቀኝ። ይህን ሌሊት ሌሊት ሺህ ጊዜ ይደግመዋል። በእያንዳንዱ ድግግሞሽ ትንሽ ጊዜ የነበረው፣ ትንሽ ማድረግ የሚችለው ነገር የነበረ ይመስለዋል። በእውነቱ ሰከንዶች ብቻ ነበሩ። "አንተ ምንም ጥፋት የለብህም" ብሎ ቶሎ መዝጋቱም አይረዳውም። መጀመሪያ እስከ መጨረሻው የሚሰማው ሰው ነው የሚፈልገው።

"ተናገረው ይውጣልህ" ሲጎዳ

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምናምነው ነገር ፈተና ገጥሞታል። ሰው የደረሰበትን ቶሎ ቢያወራው ይቀልለዋል ብለን እናስባለን። ባለሙያዎችም ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያስቡ ነበር። ጄፍሪ ሚቸል የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 ለእሳት አደጋና ለአምቡላንስ ሠራተኞች አንድ ዘዴ አስተዋወቀ። አደጋው በደረሰ በቀናት ውስጥ ሰዎቹን በቡድን ሰብስቦ ያዩትን፣ ያሰቡትን፣ የተሰማቸውን ተራ በተራ ማናገር ነው። ዘዴው ተወደደ። ከሠራተኞቹ አልፎ ለተጎጂዎችም ይሰጥ ጀመር። አንድ ጊዜ ቁጭ ይባል፣ ሁሉም ይናገር፣ በቃ።

ከዚያ ሰዎች መለካት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1997 ጆናታን ቢሰንና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ የሥነ አእምሮ መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት በቃጠሎ የተጎዱ 133 ሕሙማንን የተከታተለ ነበር። ገሚሱ ይህን ንግግር አገኘ፣ ገሚሱ አላገኘም። ከ13 ወር በኋላ ሲታዩ ካወሩት መካከል 26 በመቶዎቹ ፒቲኤስዲ ነበረባቸው። ካላወሩት ግን 9 በመቶዎቹ ብቻ። እርግጥ ነው፣ የመጀመሪያው ቡድን ሲጀመርም ጉዳቱ ትንሽ የከፋ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩን ለብቻው አልይዘውም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘኑ ግምገማዎችም ዘዴው ሕመሙን እንደማይከላከል አሳዩ። የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም።

ለምን ይሆን? ያልረጋ ቁስል ስለሚነካ ይመስለኛል። ሰውነቱ ገና በድንጋጤ ላይ ያለን ሰው ዝርዝሩን አንድ በአንድ አስታውስ ማለት ያንኑ ድንጋጤ መልሶ መቀስቀስ ነው። በቡድን ሲሆን ደግሞ ያላየውን ጭምር ከሌላው ሰምቶ ይሄዳል። አንዳንድ ሰው መናገር ይፈልጋል፣ ይናገር። ሌላው ዝም ማለት ይፈልጋል። ዝምታውም መብቱ ነው። ችግሩ መናገሩ ሳይሆን ማስገደዱና ጥድፊያው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሦስት ቃል አለው፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ሲሰሙት ምንም አይመስልም። በተግባር ግን እንዲህ ነው። መጠለያው ጥግ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ረዳቷ ከላይ ሆና አታናግራትም፣ ጎንበስ ብላ አጠገቧ ትቀመጣለች። ስሟን ትነግራታለች። ውሃ ትሰጣታለች። "ምን ሆንሽ?" አትልም። "አሁን ምን ላድርግልሽ?" ትላለች። ሴትዮዋ ስልኳ መዝጋቱን ትናገራለች፤ እህቷ በሕይወት እንዳለች አታውቅም። ረዳቷ ቻርጀር ፈልጋ ታመጣለች። እህትየዋ ትገኛለች። የሴትዮዋ እጅ መንቀጥቀጡን የሚያቆመው ያኔ ነው።

ያ ቻርጀር ሕክምና ነው። ይህን የምለው አጋንኜ አይደለም። ስቴቫን ሆብፎልና ሌሎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከአደጋ በኋላ ሰውን የሚያቆሙትን ነገሮች ሲዘረዝሩ አምስት ነገር ነው ያገኙት። ደኅንነት እንዲሰማው፣ እንዲረጋጋ፣ በእጁ የሚሠራው ነገር እንዲኖረው፣ ከሰው ጋር እንዲገናኝ፣ ነገን እንዲጠብቅ። ከአምስቱ አንዱም የግድ የሐኪም ወንበር አይፈልግም።

ሁለተኛው አደጋ

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2005 ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ የአሜሪካን ደቡባዊ ጠረፍ መታች፤ ኒው ኦርሊንስ በውሃ ተዋጠች። የሃርቫርዱ ሮናልድ ኬስለርና ባልደረቦቹ ከአደጋው የተረፉ ሰዎችን ሁለት ጊዜ ጠየቁ። መጀመሪያ ከአደጋው ከአምስት እስከ ስምንት ወር ውስጥ፣ ሁለተኛው ከዚያ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ። ጊዜ የሚያሽር ከሆነ ሁለተኛው ቁጥር ዝቅ ማለት ነበረበት። ከፍ አለ። ፒቲኤስዲ ከ14.9 በመቶ ወደ 20.9 በመቶ ወጣ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያደረባቸው ከ2.8 በመቶ ወደ 6.4 በመቶ።

ለምን ጨመረ? ተመራማሪዎቹ ያገኙት መልስ ያሳዝናል። አብዛኛው ጭማሪ የተያያዘው ከአደጋው ጋር የመጡት ችግሮች ሳይፈቱ ከመቆየታቸው ጋር ነው። ቤት አልተሠራም። ሥራ የለም። የኢንሹራንስ ገንዘብ አልመጣም። ዘመድ ተበትኗል። ሰውየውን ማዕበሉ አልጣለውም፣ ማመልከቻው ጣለው ማለት ይቻላል።

ከአደጋ በኋላ ያሉትን ወራት ቀረብ ብለው ያዩ ሰዎች አንድ መልክ አስተውለዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁሉም ጀግና ነው። የማያውቁት ሰው ፍርስራሽ ይቆፍርላችኋል። ከዚያ ለጥቂት ሳምንታት ፍቅር ይሆናል። እርዳታ ይጎርፋል፣ ባለሥልጣን ይመጣል፣ ካሜራ ይመጣል፣ "ከጎናችሁ ነን" ይባላል። ከዚያ ካሜራው ወደ ሌላ ዜና ይሄዳል። ድንኳኑ መቀደድ ይጀምራል። በጎ ፈቃደኛው ሥራ አለውና ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቃል የተገባው አልመጣም። የሰው ልብ በብዛት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የሚያሳዝነው፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ በብዛት የሚላኩት በመጀመሪያው ሳምንት ነው።

የዚህን ጊዜ ድካም ከቅርብ ማየት ያስፈልጋል። አንዲት እናት አስቡ። ቤቷ ፈርሷል። መታወቂያዋ ከቤቷ ጋር ተቀብሯል። ካሳ ለማግኘት መታወቂያ ያስፈልጋል። መታወቂያ ለማውጣት የመኖሪያ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። መኖሪያዋ ደግሞ የለም። ሰልፍ ላይ ቆማ በእያንዳንዱ መስኮት ታሪኳን እንደ አዲስ ትናገራለች። ስንት ሰው ሞተብሽ? ስማቸው? ዕድሜያቸው? አንዱ ጸሐፊ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት ይጽፋል። "ነገ ተመለሺ" ትባላለች። ማንም በግድ አያናግራት ብለን የተጠነቀቅንላትን ታሪክ በሳምንት አምስት ጊዜ በመስኮት ታወራለች። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።

ከካትሪና በፊት ጀምሮ ሲጠኑ የነበሩ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው እናቶች ነበሩ። አደጋው ካለፈ ከ12 ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ከስድስቱ አንዷ ያህል አሁንም የከባድ ድኅረ አደጋ ጭንቀት ምልክት ነበረባት። አሥራ ሁለት ዓመት። ያኔ ጨቅላ የነበረው ልጅ ስድስተኛ ክፍል ደርሷል።

ጎረቤትን አብሮ ማዛወር

አሁን ሦስት ቦታ ልውሰዳችሁ። ሦስቱን ሳነብ የከነከነኝ ስህተቱ ራሱን መድገሙ ነው።

እ.ኤ.አ. የካቲት 26 ቀን 1972 በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ቡፋሎ ክሪክ በሚባል ሸለቆ፣ ከድንጋይ ከሰል ማውጫ በወጣ ቆሻሻ የተሠራ ግድብ ተደረመሰ። ጎርፉ 125 ሰው ገደለ። ከ5,000 ያህል ነዋሪ 4,000 ያህሉ ቤት አልባ ሆነ። አደጋው ሙሉ በሙሉ የተፈጥሮ አይደለም፣ የሰው እጅ አለበት። መንግሥት ተሳቢ ቤቶችን በፍጥነት አቀረበ። ይመሰገናል። ግን ቤቶቹን ያደለው በመጣበት ቅደም ተከተል ነው፤ ማን የማን ጎረቤት እንደነበር የጠየቀ የለም። ሸለቆውን ያጠናው ሶሺዮሎጂስት ካይ ኤሪክሰን ያገኘው ነገር እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ሰዎቹ ሁለት ጊዜ ነው የተመቱት። አንደኛው የእያንዳንዳቸው ድንጋጤ ነው። ሁለተኛው አብሮ መኖራቸው መፍረሱ ነው። በግድግዳ ማዶ ያለውን ሰው የማያውቅ ሰው፣ ያዘነውን ሐዘን ከማን ጋር ያዝናል?

እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1995 ማለዳ ደግሞ የጃፓኗ ኮቤ ተናወጠች። ከ6,400 በላይ ሰው ሞተ። ጊዜያዊ ቤቶች ተሠሩ። ባለሥልጣናቱ ፍትሐዊ ለመሆን አሰቡና ቤቶቹን በዕጣ አደሉ። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ቅድሚያ ሰጡ። ሐሳቡ ቅን ነበር። ውጤቱ ግን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ለዘመናት ከኖሩበት ሰፈር ተነቅለው በማያውቋቸው ሰዎች መካከል ብቻቸውን መቅረታቸው ሆነ። ብቻቸውን ሞተው ከቀናት በኋላ የሚገኙ ሰዎች በዙ። ጃፓኖች "ኮዶኩሺ" ይሉታል፣ የብቸኝነት ሞት። በኮቤ ጊዜያዊ ቤቶች ውስጥ እንዲህ የሞቱት ከ200 በላይ ናቸው። ከመሬት መንቀጥቀጡ የተረፉ ሰዎች ነበሩ እኮ።

ሦስተኛዋ ኢዋኑማ ናት። በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን፣ በባሕር ዳርቻ ያለች ከተማ። እዚያ ስለ አረጋውያን ጤና የሚደረግ አንድ ትልቅ ጥናት ነበር። አጋጣሚ ሆኖ ተመራማሪዎቹ ነዋሪዎቹን የጠየቁት ሱናሚ የሚባለው የባሕር ማዕበል ከተማዋን ከመምታቱ ሰባት ወር ቀደም ብለው ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 ማዕበሉ ሲመጣ የእያንዳንዱ ሰው የቀድሞ ሁኔታ ተመዝግቦ ነበር። ከአደጋ በፊት ማን ከማን ጋር ይገናኝ እንደነበር ማወቅ በዚህ ዓይነት ጥናት ብዙ ጊዜ የማይገኝ ነገር ነው። ከሱናሚው በኋላ አንዳንዱ ነዋሪ በግል ወይም በዕጣ ወደ አዲስ ቤት ገባ። ሌላው ደግሞ ሰፈሩ እንዳለ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሳይለያይ፣ በቡድን ተዛወረ። ተመራማሪዎቹ በኋላ ሲመለሱ በግል የተዛወሩት ከሰው ጋር መገናኘታቸው ቀንሶ አገኙት። በቡድን የተዛወሩት ግን ከበፊቱ እንኳ ይበልጥ ይገናኙ ነበር።

ይህን ውጤት ሳነብ ብዙ ነገር ነው የመጣብኝ። ሰዎቹ ያጡት ነገር ይመሳሰላል። ባሕሩም አንድ ነው። ልዩነቱ የቁልፍ አደላደሉ ነው። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ጠረጴዛው ላይ ስም ዝርዝር ይዞ፣ በዕጣ ላድርገው ወይስ በሰፈር ብሎ የሚወስነው ውሳኔ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለውን ነገር እዚያ ቁጥር ሆኖ ታየዋለህ። አሁንም ግን ከአደጋ በኋላ የመጠለያ ዕቅድ ሲወጣ የሚጠየቀው ስንት ቤት፣ ስንት ድንኳን ነው። ማን ከማን አጠገብ የሚለው ጥያቄ እንደ ቅንጦት ይታያል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 በደቡብ ቱርክና በሰሜን ሶርያ ከደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሁለት ዓመት በኋላ እንኳ በቱርክ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በኮንቴይነር ቤቶች ይኖሩ ነበር። ጊዜያዊ የተባለ ነገር ብዙ ዓመት ይቆያል። ለብዙ ዓመት የሚቆይ ከሆነ ደግሞ ጎረቤቱ ከግድግዳው እኩል ይታሰብበት።

አስከሬን ያልተገኘ ጊዜ

ከሱናሚና ከመሬት መንሸራተት በኋላ የሚመጣ ሌላ ዓይነት ሐዘን አለ። ሰውየው ሞቷል፣ ግን አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2011ዱ የጃፓን ሱናሚ 2,500 ያህል ሰዎች እስከ ዛሬ የት እንደደረሱ አልታወቀም። ፖሊን ቦስ የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር ይህን እርግጡ ያልታወቀ እጦት ብለው አጥንተውታል። ሚስት ባሏን እንደ ሞተ ብትቆጥር የከዳችው ይመስላታል። በሕይወት አለ ብላ ብትጠብቅ ሕይወቷ ይቆማል። ሰው "ተቀበዪው እንግዲህ" ይላታል። ምኑን ትቀበል?

ሱናሚው ከነዋሪዎቿ ከአሥሩ አንዱን ያህል በወሰደባት ኦትሱቺ በምትባል ከተማ፣ ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ አንድ የአትክልት ስፍራ አለ። ውስጡ ነጭ የስልክ ዳስ ቆሟል። ኢታሩ ሳሳኪ የተባሉ ሰው ናቸው የሠሩት። ሱናሚው ከመምጣቱ በፊት እ.ኤ.አ. በ2010 የአጎታቸው ልጅ ሞቶባቸው፣ ለራሳቸው ሐዘን ብለው ነው። ውስጡ ቁጥሩ የሚዞር አሮጌ ጥቁር ስልክ አለ። ገመዱ ከየትም ጋር አልተያያዘም። ከሱናሚው በኋላ ዳሱን ለሰው ሁሉ ከፈቱት፤ የነፋስ ስልክ ተባለ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሄደውበታል። ገብተው በሩን ይዘጋሉ፣ የቀድሞ ቤታቸውን ቁጥር ያዞራሉ፣ ያወራሉ። "ዛሬ ብርድ ነው፣ እዚያ አይበርድህም?" ዓይነት ወሬ ነው። ማንም ምን ተሰማህ ብሎ አይጠይቅም። ማንም ሰዓት አይቆጥርም። "ሞቷል ብለህ ፈርም" የሚልም የለም። የጠፋው ሰው አለ ወይስ የለም በሚለው መካከል ቆሞ መናገር የሚቻልበት ቦታ ነው።

ልጆችና ሌሎችም

ልጆች ያዩትን በጨዋታ ነው የሚናገሩት። በኩብ ቤት ይሠሩና "መሬት ተንቀጠቀጠ!" ብለው ያፈርሱታል። ደግመው ይሠሩታል፣ ደግመው ያፈርሱታል። ወላጅ ይደነግጣል፣ ይቆጣል። መቆጣት አያስፈልግም። ልጁ ነገሩን በእጁ መጠን አሳንሶ እየመረመረው ነው። አንዳንዴ አምቡላንስ ይጨምርበታል፣ አንድ ሰው ያድናል። ያኔ ደግ ነው። ለወራት ያው አንድ ጨዋታ ሳይለወጥ ከቀጠለና ልጁ ሲጨርስ ይበልጥ ከፈራ ግን ባለሙያ ማየት አለበት። አልጋ ላይ መሽናት፣ ከእናት አለመለየት፣ እንደ ሕፃን ማውራትም በመጀመሪያ ያጋጥማል። ትምህርት ቤት ቶሎ መክፈት፣ በድንኳንም ቢሆን፣ ከብዙ ምክር ይበልጣል። ቀኑ መልክ ይይዛል። ልጅ የሚያነበው የወላጁን ፊት ስለሆነም ወላጁን ሳይደግፉ ልጁን ብቻ ማከም አይሠራም።

ነፍስ አድን ሠራተኞችም አሉ። እነሱን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ "ሥራቸው ነው" እንላለን። በትንሽ ከተማ ግን የሚቆፍረው ሰው የራሱን ዘመድ ሊያወጣ ይችላል።

ስልክም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በቦስተን ማራቶን ላይ ፍንዳታ ከደረሰ በኋላ የተሠራ ጥናት፣ በቀን ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዜናውን የተከታተሉ ሰዎች ቦታው ላይ ከነበሩት ይበልጥ የድንጋጤ ምልክት እንደነበረባቸው አሳይቷል። ያ የሰው ጥቃት ነው፣ ግን ትምህርቱ ለዚህም ይሆናል። የራሱ ሰፈር ሲደረመስ የሚያሳየውን ቪዲዮ ሌሊት ሌሊት ደጋግሞ የሚያይ ሰው በየቀኑ አዲስ አደጋ ያሳልፋል።

ሕክምና ሲያስፈልግ

የተወሰነ ሰው በራሱ አይመለስም። ከወር በላይ ቅዠቱ ካልለቀቀ፣ ሰው መሸሽ ከጀመረ፣ መጠጥ ካበዛ፣ ራሱን ስለ ማጥፋት ካሰበ፣ "ቻለው" የሚባልበት ጊዜ አልፏል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ወር መጠበቅም የለም፣ በዚያው ቀን ነው እርዳታ የሚፈለገው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ደግነቱ፣ መድኃኒቱ አለ። በትራውማ፣ ማለትም አሰቃቂው ክስተት በአእምሮ ላይ በተወው ቁስል ላይ፣ ያተኮረ የንግግር ሕክምና አለ። ዓይንን እያንቀሳቀሱ ትዝታን የሚያስኬደው፣ ኢኤምዲአር የሚባለው ዘዴም አለ። ሁለቱንም የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ከላይ ከነቀፍኩት የአንድ ቀን ንግግር ጋር እንዳይምታታ። እነዚህ ሰውየው ከረጋ በኋላ፣ በእሱ ፈቃድና ፍጥነት፣ ለሳምንታት የሚሄዱ ናቸው። የመጀመሪያ ወር ላይ እንቅልፍ እንዲያመጡ ተብሎ እንደ ዳያዜፓም ያሉ ማስታገሻዎችን ማደል ግን ድርጅቱ አይመክርም።

ባለሙያ አይበቃም የሚለው ቅሬታ እውነት ነው። ከብዙ ሺህ ሰው መሀል ጥቂት ሐኪም ምን ያደርጋል? ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 "ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ" የሚባል አጭር ፕሮግራም አውጥቷል። አምስት ጊዜ መገናኘት ብቻ ነው። የሚሰጠውም ሐኪም መሆን የለበትም፤ ሠልጥኖ ክትትል የሚደረግለት የአካባቢው ሰው ይበቃል። ከሚያስተምረው አንዱ አተነፋፈስ ነው። ሌላው ደግሞ ሊፈታ የሚችለውን ችግር ከማይፈታው ለይቶ አንዱን በትንሽ በትንሹ መጀመር ነው። ከተማው ለፈረሰበት ሰው ይህ ትንሽ ይመስላል። ለእኔ ግን ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው ያረፈው።

"ፈተና ያጠነክራል" የሚለውን ለመጨረሻ ነው ያቆየሁት። ከመከራ በኋላ የሕይወት ትርጉም የሰፋላቸው፣ ሰውን ይበልጥ የወደዱ እንዳሉ እውነት ነው፤ በጥናትም ታይቷል። ይህን የማለት መብት ያለው ግን የደረሰበት ሰው ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሲናገረው ዕዳ ይሆናል። ልጇን ያጣች እናት ከዚህ ሁሉ በላይ ጠንክራም እንድትታይ መጠየቅ የለባትም።

የነፋስ ስልኩ ባለበት በዚያ የባሕር ዳርቻ በየዓመቱ ሱናሚው በደረሰበት ቀን፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 11፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ ሳይረን ይጮኻል። ሰው ሁሉ ባለበት ይቆማል። ለብዙ የተረፉ ሰዎች ግን ቀኑ የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነው። ሳምንት ሲቀረው እንቅልፍ ይሸሻል፣ ሆድ ይረበሻል፣ ሰውየው ምክንያቱን እንኳ አያውቀውም። ቀን መቁጠሪያውን ሲያይ ይገባዋል። ከአደጋ የተረፈ ወዳጅ ያለው ሰው ያንን ቀን ስልኩ ላይ ይመዝግብ። ሳምንት ሲቀረው ይደውል። ስለ አደጋው ማንሳት የለበትም። "እንዴት አደርክ? እንቅልፍ እንዴት ነው?" ማለት ይበቃል።